የአማቴ ግድግዳ እና እናትየዋ በለስ

ሥራ የገባሁ ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ሥራውን ያፈላለገልኝ ጓደኛዬ "ቅዳሜ ሄደህ ስምህን ትነግራቸዋለህ፣ በቃ" ስላለኝ ቢሮ ገብቼ የምጠየቅ መስሎኝ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ችግኝ ጣቢያ በር ላይ የጠበቀኝ ግን ራሞን የሚባል ሳልቫዶራዊ ፎርማን ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ ሸሚዜ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ የመግረዣ መቀስ አስያዘኝ። "ጓንትስ?" አልኩት። "ሰኞ" አለኝ።

የተሰጠኝ ሥራ ግሪን ሃውሱ ውስጥ የተደረደሩትን የበለስ ችግኞች የታች ቅርንጫፍ መግረዝ ነበር። በለስ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ወተቱ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ የሚያቃጥለው ደግሞ በማግስቱ ነው። ይህን የነገረኝ የለም። ሙቀቱ ሲበረታብኝ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ላቤን በክንዴ እየጠረግሁ፣ ከምሳ በኋላም ውጭ ፀሐይ ላይ እየሠራሁ ዋልኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ክንዴንና ግንባሬን ሳክክ አጠገቤ የነበሩት ምእመናን አንድ በአንድ ራቅ ራቅ አሉ። ቅዳሴው ሲያልቅ እንደ ልቤ የምሰግድበት ቦታ አግኝቼ ነበር።

ሰኞ ራሞን ክንዴን አየና ጓንቱን ሰጠኝ። "ይሄን ቅዳሜ ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?" ብዬ ተቆጣሁ። "ቅዳሜ ብሰጥህ ዛሬ የሆነ ቦታ ጥለኸው ትመጣ ነበር" አለኝ። ተናድጄበት ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ጓንት በለስ ነክቼ አላውቅም።

የችግኝ ጣቢያ ማዕረግ ከወታደር ቤት አይተናነስም። ከሁሉ በታች ውሃ አጠጪው ነው። ከእሱ በላይ አፈር የሚቀላቅለውና ችግኝ ከትንሽ ዕቃ ወደ ትልቅ የሚያዛውረው አለ። ቀጥሎ ደንበኛ ቤት ሄዶ የሚተክለው ይመጣል። ከዚያ በላይ አባዢው ነው፤ ከእናት ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ሥር አስይዞ፣ አዲስ ችግኝ የሚያወጣ ሰው። በእሱ ላይ ፎርማኑ፣ በፎርማኑ ላይ ደግሞ የቦታው ባለቤት ሚስስ ካሮል ነበረች። መርካቶ የመኪና ጎማ እሸጥ የነበርኩ ሰው እዚህ የውሃ ጎማ ይዤ ጀመርኩ። ስሜም ታደሰ መሆኑ ቀርቶ ቴድ ሆነ።

የጣቢያው በለሶች በሙሉ የአንዲት ዛፍ ልጆች ናቸው። ዛፏን የተከላት የሚስስ ካሮል አባት ነው፤ ከድሮው የማሞቂያ ክፍል ጀርባ፣ ወደ ደቡብ የዞረ የጡብ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ራሞን በስፓኒሽ "እናት" ይላታል። እኔም እናትየዋ አልኳት። ብርዱ ሊያልቅ ሲል፣ ቅጠል ሳይወጣ፣ ከእሷ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን ቅርንጫፎች እንቆርጣለን፤ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንሰካለን፤ ሥር እስኪይዙ እንጠብቃለን። ሥራው ይኼው ነው። ጀማሪ በለስን የሚገድለው በክፋት አይደለም። በደግነት ነው፤ ውሃ ያበዛበታል።

ሴቨን ኮርነርስ ያለ ባለ ሥጋ ቤት ደንበኛ ነበረን፣ ያገሬ ሰው። ከሱቁ ጀርባ ችግኝ ተከልኩለት። በየሳምንቱ ኮል ያደርገኛል። "ታዴ፣ ይሄ ነገር ሥር አልያዘም" ይለኛል። "እንዴት አወቅህ?" ስለው "ነቅዬ አየሁታ!" አለኝ። ለካስ በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይነቅለዋል፣ ሥሩን አየት ያደርጋል፣ መልሶ ይቀብረዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ሌላ ችግኝ አመጣሁለት፤ ዙሪያውን በትልልቅ ድንጋይ አጠርኩት። ድንጋዩን ማንሳት ስለሰለቸው ዛፉ አደገ።

ስለ መብሰሉም ልንገራችሁ። በለስ ሳይበስል ከተቆረጠ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ብትጠብቁት አይበስልላችሁም። ጥሬው ፍሬ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጠንክሮ ይቆማል። የበሰለው ግን አማቱ ፊት እንደቀረበ ሰው አንገቱን ይደፋል። ይህን ለደንበኞች በእንግሊዝኛ ስናገር ይስቁ ነበር። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። አማቴን ስለማታውቋቸው ነው።

አማቴ እማማ አስካለ ይባላሉ። ከጎንደር የመጡት ሚስቴ ሰናይት ፕሮሰስ ጀምራላቸው ነው። ያኔ ዊተን አፓርትመንት ውስጥ ነበርን። እሳቸው በመጡበት ዓመት ብርዱ ሲገባ እኔ ከውሃ አጠጪነት ተነሥቼ ደንበኛ ቤት የምተክልና በብርዱ ወራት ዛፍ የምጠቀልል ሆኜ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ውርጩ ይከፋል። አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ግን አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ለስለስ ይላል፤ ውሃው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። እዚያም ቢሆን ከባድ ብርድ ሲመጣ በለስን ጆንያ ማልበስ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ዝናብ እንዳይገባ ባልዲ መድፋት ያስፈልጋል።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል አለ። የእናትየዋ ልጅ የሆነች በለስ ግቢው ውስጥ አለችው፤ በልጅነቱ አያቱ ቤት በለስ ስለነበረ ለዚህችኛዋ ይሳሳላታል። ብርዱ ሊመጣ ነው ተብሎ ስደርስ ጆንያው ግማሽ ዛፍ ላይ አለቀብኝ። መኪናዬ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር የእማማ አስካለ ጋቢ ብቻ ነበር፤ የአፓርትመንታችን ላውንድሪ ስለተበላሸ ውጭ ላሳጥብላቸው ይዤው ወጥቼ ነው። ወፍራም ነው፣ ይሞቃል፣ እጥፉ ብዙ ነው። ሰውን ካሞቀ ዛፍን የማያሞቅበት ምክንያት አልታየኝም። አጣፋሁላት፣ በገመድ አሰርኩ፣ ባልዲውን ደፋሁና ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት በረዶ ጥሎ ነበር። የኮሎኔሉ ጎረቤት በመስኮት ስታይ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊስ ጠራች። ፖሊሱ መጥቶ ከአጥር ውጭ "እጅህን አሳይ!" ብሎ ጮኸ። ዛፏ እጇን አላሳየችም። ኮሎኔሉ በፒጃማ ሮጦ ባይወጣ ነገሩ ይከፋ ነበር። ወዲያው ደወለልኝ። "ቴድ፣ በለሴ ልትታሰር ነበር" አለኝ።

ፖሊሱ ሄደ፣ ጥፋቱ ግን ቀረ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል። በረዶው ሲቀልጥ ጋቢው ጠጥቶ ጠጥቶ፣ እንደገና ሲበርድ እንደ ጣውላ ደረቀ። ውስጥ ያለው ቅርንጫፍ ሻግቶ በሰበሰ። በጸደይ ወራት ዛፏ ከሥሯ አዲስ ባታወጣ ኖሮ ኮሎኔሉን ለዘላለም አጥቼው ነበር። ጋቢውም በቡናማ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ ተመለሰ።

እማማ አስካለ ጋቢውን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። "ጋቢዬን ለማን አለበስከው?" አሉኝ።

"ለዛፍ ነው፣ እማማ። ብርድ ሊገድላት ነበር።"

"የምን ዛፍ?"

"በለስ።"

አማተቡ። "ዕፀ በለስ?" አሉ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሀገር ቤት ያደገ ሰው አዳምና ሔዋን የበሉት የበለስ ፍሬ መሆኑን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ነው የሚያድገው። እኔ በዕለት እንጀራ ምክንያት ረስቼው ኖሯል። እሳቸው አልረሱም። "አዳም በዛፉ ቅጠል ተሸፈነ። አንተ ደግሞ ዛፉን በኔ ጋቢ ሸፈንክ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሥራዬ ስም እቤት ውስጥ አይነሣም፤ ሰው ሲጠይቃቸው "ታደሰ አበባ ይተክላል" ይላሉ።

ዓመታት ሄዱ። አባዢ ሆንኩ፤ ራሞን ጡረታ ሲወጣ ፎርማን ሆንኩ። ውድብሪጅ ቤት ገዛን። ቤቱ ትንሽ ነው፤ የጓሮው የጡብ ግድግዳ ግን ወደ ደቡብ ዞሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል። ቤቱን ያየን ቀን ሰናይት ኪችኑን አየች፣ እኔ ግድግዳውን። ልጃችን ብሌን "ዳድ ግድግዳ እያቀፈ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። ገብተን ሳምንት ሳይሞላን ግን እማማ አስካለ ከግድግዳው ሥር ጎመንና ጤና አዳም ዘሩ። አጠገቡ የፕላስቲክ ወንበራቸውን አኖሩ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠው ውዳሴያቸውን ይደግማሉ። እኔም ግድግዳውን በሩቁ እያየሁ ቀረሁ።

አንድ መስከረም ላይ ሚስስ ካሮል ቢሮዋ ጠራችኝ። አርጅታለች፣ ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። "ቴድ፣ ቦታውን ሸጥኩት" አለችኝ። "ታውን ሃውስ ሊሠሩበት ነው።"

"እናትየዋስ?"

"ለቡልዶዘር እናት የሚባል ነገር የለም። አባቴ ቢኖር ለአንተ ነበር የሚሰጣት። መሬት አለህ?"

"አለኝ" አልኳት። አፌ ነው የመለሰው። ሚስቴን አላማከርኩም፤ ባማክራትም ለውጥ አልነበረውም፤ የመሬቱ ባለሥልጣን ሌላ ሰው ናቸው።

ለምን እንደፈጠንኩ ግልጽ ላድርግላችሁ። ሥራዬ በጥቂት ወር ውስጥ ሊያልቅ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ጣቢያ ገብቼ የውሃ ጎማ መያዝ አልፈለግሁም። ያሰብኩት በራሴ ጓሮ ችግኝ አባዝቶ ለራሴ ደንበኞች መሸጥ ነው። ደንበኞቹ የሚፈልጉት ደግሞ የእናትየዋን ልጅ ነው፤ ይህን ብርድ ችላ የኖረች እሷ ናት። እሷ ከሞተች እኔ መቀስ የያዘ ሥራ ፈት ነኝ።

ቅጠሏ እስኪረግፍ ጠበቅን። ራሞን ጡረታውን አቋርጦ መጣ። ዙሪያዋን ቆፈርን፣ ረጃጅሙን ሥር ቆረጥን፣ ቅርንጫፏን አሳጠርን፣ የሥሯን አፈር እንዳለ በጆንያ ጠቅልለን አሰርን። በጣውላ እየጎተትን ፒክአፕ ላይ ስናወጣት ራሞን በስፓኒሽ ይጸልያል፣ እኔ በአማርኛ እሳደባለሁ። ተሳካልን። ራሞን "መንገድ ላይ ቀስ በል፣ አሮጊት ነው የጫንከው" አለኝ።

ውድብሪጅ ስደርስ እማማ አስካለ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ልነግራቸው ያሰብኩት ተክዬ ከጨረስኩ በኋላ ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን እያወቅሁ ማለት ነው።

"ይኼ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ዛፍ ነው፣ እማማ።"

"ዛፍ መሆኑንማ አየሁ። ስም የለውም?"

"ፍራፍሬ ነው።"

"ታደሰ።"

"በለስ ናት" አልኩ።

ከወንበራቸው ተነሡ። ከተነሡ ነገሩ ከባድ ነው። "እኔ በሕይወት እያለሁ የአዳም መውደቂያ ይኼን ግድግዳ አይደገፍም" አሉ።

ብሌን ከበረንዳው ላይ "አያቴ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ትሪ፣ ዛፍ ብቻ ነው!" አለቻቸው።

"ሔዋንም 'ጀስት ትሪ' ብላ ነው" አሉ እማማ አስካለ። ብሌን ወደ ውስጥ ገባች።

እናትየዋ ጋራዥ ገባች። ይህ በሙያው ነውር አይደለም፤ በለስ በብርዱ ወራት ተኝታ ስለምትከርም ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ አልፎ አልፎም ትንሽ ውሃ ይበቃታል። ችግሩ ጋራዡ የሰናይት መኪና ቤት መሆኑ ነው። "ታዴ፣ ከሥራ በፊት በየቀኑ አይስ ስክሬፕ ማድረግ ሰለቸኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በረዶውን የምፍቀው እኔ ሆንኩ። ከፊት ለፊት እንድተክል የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤችኦኤ የሚሉት፣ አይፈቅድም። በሰሜን በኩል ፀሐይ የለም። ያለው ያ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱንም ተከልክያለሁ።

የንስሐ አባታችንን ቄስ ኃይሌን ተስፋ አደረግሁ። ቤት ጠበል ሊረጩ ሲመጡ አስቀድሜ በስልክ ጉዳዩን አስረዳኋቸው። ጠበሉን ረጩ፣ ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እማማ አስካለ፣ ዛፍ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። የያኔው ጥፋት ከዛፉ አልነበረም። ጥፋቱ ትዕዛዝ መተላለፉ ነው" አሏቸው።

"እንደዚያ ነው፣ አባቴ?"

"እንደዚያ ነው።"

"ዛፉ ምንም አላደረገም? ትዕዛዝ መጣሱ ብቻ ነው?"

"እሱ ብቻ ነው" አሉ ቄስ ኃይሌ። እኔም ደስ ብሎኝ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ።

"እንግዲያው እኔም አዝዣለሁ። እዚህ ቤት አይተከልም። የሚተላለፍ ካለ ይተላለፍና ይየው" አሉ እማማ አስካለ።

ቄስ ኃይሌ እኔን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ መስቀላቸውን አነሡ። ስሸኛቸው ደጃፉ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለመሆኑ ፍሬው ይጣፍጣል?" አሉኝ። "በጣም" አልኳቸው። "እንግዲህ ጸልይ" ብለውኝ ሄዱ።

አንድ ብርዳማ ጠዋት የሰናይትን መኪና ስፍቅ ቆይቼ አካፋ ላመጣ ወደ ጓሮ ዞርኩ። እማማ አስካለ በግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጀርባቸውን ጡቡ ላይ፣ ሁለት መዳፋቸውንም ከኋላ አዙረው ጡቡ ላይ ለጥፈዋል። በዚህ ሀገር ውስጥ የሚሞቃቸው ቦታ እሱ ብቻ ነው። እቤት ማሞቂያ አለ፤ "እሱ ይነፋል እንጂ አያሞቅም" ይሉ ነበር። እኔ ከሚስስ ካሮል ለዓመታት የተማርኩትን ነገር እሳቸው በሳምንታቸው አግኝተውታል፤ የት ጋ ፀሐይ እንደሚያርፍና የት ጋ እንደሚቆይ። ክርክሩ የአዳም ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። አሳዘኑኝ፣ አፈርኩም። አካፋውን ሳልይዝ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አልለመንኩም። ብርዱ መላላት ሲጀምር ጋራዥ ውስጥ እናትየዋ እምቡጥ አወጣች፤ በጨለማ የወጣ ስለሆነ ቢጫ ነው። አሁን መሬት ካላገኘች ትሞታለች። ለኮሎኔሉ ደወልኩለትና "ግድግዳ ስጠኝ" አልኩት። "ና" አለኝ። እሱ ጋ ከተተከለች የእሱ ናት፤ ለመቁረጥም በየጊዜው ደጅ ልጠና ነው። ግን ትኖራለች። ፒክአፕ ተውሼ አምጥቼ እናትየዋን ከጋራዥ ስጎትታት እማማ አስካለ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ።

"ወዴት ልትወስዳት ነው?" አሉኝ። በለስን እንደ ሰው ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነበር።

"አሌክሳንድሪያ። ለኮሎኔሉ።"

"ጋቢዬን ወስደህ ያለበስክበት ቤት?"

"አዎ፣ እማማ።"

ከዚያ "እናትየዋ፣ እናትየዋ የምትላት ለምንድን ነው?" አሉኝ።

"ከእሷ ስለተባዙ ነዋ። እዚህ አካባቢ የተከልኩት በለስ ሁሉ የእሷ ልጅ ነው።"

"ልጆቿ የት የት አሉ?"

"አንዷ እዚያው ኮሎኔሉ ጋ ናት። ሴቨን ኮርነርስ ሥጋ ቤቱ ጀርባ አለ። ዊተን ብዙ አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግማ በየጓሮው ነው።"

"ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ያፈራሉ።"

"እና ይህን ሁሉ ወልዳ፣ ሁሉም ቤት ቤቱን ይዞ፣ እሷን የሚያስጠጋ ግድግዳ ጠፋ?"

እማማ አስካለ አንዱ ልጃቸው ቶሮንቶ ነው፣ አንዷ ስዊድን ናት፣ አንዱ ጎንደር ቀርቷል። እኛ ጋ ከመጡ ወዲህ ቤቴ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ "ልጄ ቤት" ነው የሚሉት። ይህን ያኔ ቆሜ አሰብኩት። ገመዱን እየፈታሁ የማስር አስመሰልኩ።

ተነሥተው ወንበራቸውን በገዛ እጃቸው ጥቂት ገፋ አደረጉት። "ከዚህ እስከዚህ" አሉኝ በእግራቸው እያመለከቱ። "ጎመኔን አትነካም።"

"አልነካም።"

"ወንበሬ ከዚህ አይነሣም።"

"አይነሣም።"

"ፍሬዋን እኔ አልቀምስም።"

"እንደፈለጉ፣ እማማ። ትዕዛዙስ?"

"ትዕዛዙን ያወጣሁት እኔ፣ የማነሣውም እኔ። ለቄሱ እንዳትነግር።"

ያን ቀን ተከልኳት። ጉድጓዱን ሰፊ አድርጌ ቆፈርኩ፣ ከግድግዳው ትንሽ አራቅኋት፣ አፈሩን ረገጥኩ፣ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጣሁና ተውኳት። እማማ አስካለ "ትንሽ ጨምርላት እንጂ" ሲሉኝ "በደግነት ነው የምትሞተው" ብዬ ከለከልኳቸው። በሥራ ዘመኔ እሳቸውን የከለከልኩት ያኔ ብቻ ነው።

ሙቀቱ ሲመጣ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። በፊት በሐምሌና በነሐሴ ግድግዳው እንደ ምጣድ ስለሚግል እማማ አስካለ ቤት ውስጥ ነበር የሚውሉት። አሁን የእናትየዋ ሰፋፊ ቅጠል ወንበሩን አጠለለው። ብርዱ ሲመለስ ደግሞ ቅጠሏን አራግፋ ፀሐዩን ትለቅላቸዋለች። ይህን ያህል ዘመን በለስ ስሸጥ ለአንድም ደንበኛ ይህን ነግሬ አላውቅም፤ አላሰብኩትም ነበር። እሳቸው ወንበራቸውን ብቻ ወደ ግንዱ አስጠጉ።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ጥቂት ፍሬዎች ቀሉ። አንዷ አንገቷን ደፍታ፣ ከታች ማር የመሰለ ጠብታ አውጥታ ተንጠልጥላለች። ለቄስ ኃይሌ ልወስድላቸው አስቤ ነበር። ጠዋት ኪችን ቆሜ በመስኮት ሳይ እማማ አስካለ ከወንበራቸው ተነሡ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ የጎረቤቱን መስኮት አዩ። አማተቡ። ፍሬዋን ጠምዘዝ አድርገው ቀጠፉ፤ ማንም ሳያሳያቸው፣ በትክክለኛው አቀጣጠፍ። በሉ። ቆም አሉ። ከዚያ ሌላ ፈለጉ።

ከመስኮቱ ፈቀቅ አልኩ። በሩ ተከፈተ።

"ታደሰ!"

"አቤት፣ እማማ።"

"እንካ።" መዳፋቸው ላይ አንዲት በለስ አለች።

"እማማ፣ ሴት ቀጥፋ በልታ ለወንድ ስትሰጥ መጨረሻው ምን እንደሆነ እርስዎ ነዎት የነገሩን።"

"አዳም ይህን ያህል አልጠየቀም። ዝም ብለህ ብላ" አሉኝ።

አንገቴን ደፍቼ በላሁ። ከቤታችንም ያስወጣን የለም።

አሁን የምሸጠው ችግኝ ሁሉ ከዚያ ግድግዳ የሚነሣ ነው፤ የትኛው ቅርንጫፍ ለማን እንደሚቆረጥ የሚወስኑት ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ናቸው። እናንተ ወደዚህ ሥራ የምትገቡ፣ በለስ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ይፈልጋል። በብርዱ ጆንያ እንጂ ጋቢ አታልብሱት። ከመትከላችሁ በፊት ደግሞ ግድግዳው ሥር የሚሞቅ ሰው እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።